የንግግር ማጣፈጫ አንሆንም!



በሆሳዕና፥ በዱራሜና በሺንሺቾ እኛ የአማተር ቴአትር ልጆች የምንታወሰው መቼ ነው? እንግዳ ሲመጣ፥ ያሆዴ ወይም መሳላ ሲከበር፥ ስብሰባው ሲሰለች ነው። «አሥር ደቂቃ አላችሁ፤ የሚያስቅ ይሁን» እንባላለን። በዓሉ ሲያልፍ አዳራሹ ይቆለፋል፤ ልምምዳችንም ከዛፍ ሥር ይሆናል።

ይህን ውለታ የሚሉ ተሳስተዋል። በሁለት ንግግር መካከል የተሰነቀረ ጭውውት ያስቃል እንጂ አያሳስብም። ቴአትራችን ግን ሲጀመር ለማሳሰብ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ» የአገሩን አስተዳደር በአውሬዎች ተረት ቢነቅፉ፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ጨዋታው ተከለከለ። በእኛ ላይ የወጣ ክልከላ የለም፤ የደቂቃ ስስትና የበር ቁልፍ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

«በሀዲይሳና በከምባቲሳ ብትጫወቱ ማን ይሰማችኋል?» የሚሉንም አሉ። እስቲ ወደ ገበያ ይውጡ! ቆጮ የምትሸጥ እናት በአንድ ጠዋት በሁለትና በሦስት ቋንቋ ስትከራከር ያገኟታል። ተመልካቹ ተዘጋጅቷል፤ ያልተዘጋጀው አዳራሹ ነው።

በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውን፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውን የሚያህል ሕንፃ አልጠየቅንም። የጠየቅነው በሳምንት አንድ ማታ፥ አንድ ቁልፍ፥ ሙሉ ተውኔት የሚያጫውት ሰዓት ነው። መምህሮቻችንም ጽሑፋችንን አንብበው ያርሙልን፤ ጓደኞቻችንም መጥተው ይፍረዱን።

መጥፎ ከሠራን በጩኸት አስወርዱን። ሳንወጣ ግን አታውርዱን!