የጨጓራ ባክቴሪያና መድኃኒት የመላመድ ችግር፦ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

የጨጓራ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ታካሚ «የሚያድነኝን መድኃኒት በምርመራ መለየት አይቻልም ወይ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ምርመራው አለ፤ ይሁን እንጂ በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ ለሚኖር ተገልጋይ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

ለጨጓራ ቁስለት ዋነኛ ከሆኑት መንስኤዎች አንዱ ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህንን ያረጋገጡት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶችን ከአሲድ ቀናሽ ጋር የሚያጣምር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀናት ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዝርዝር፣ ክላሪትሮማይሲንን የተላመደው የዚህ ባክቴሪያ ዓይነት አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ከሚያስፈልጋቸው ተሕዋስያን መካከል ተመድቧል።

ባክቴሪያው በየትኛው መድኃኒት እንደሚጠፋ ለመለየት በኢንዶስኮፒ ከጨጓራ ግድግዳ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀዝቅዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ሊደርስ ይገባል። ባክቴሪያው ኦክስጅን ባነሰበት አየር ብቻ፣ ያውም በቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ ያድጋል። ሰመራ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በሞቃት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ ሁኔታ ናሙናውን ሕያው አድርጎ ማድረስ ከባድ ነው።

በመሆኑም ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው በአብዛኛው የታካሚውን የመድኃኒት ታሪክ መሠረት አድርጎ ነው። ቀደም ሲል ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ የተወሰደ ሜትሮኒዳዞል፣ ለሳል የተወሰደ አዚትሮማይሲን በጨጓራ ያለውን ባክቴሪያ ጭምር ሊያላምድ ይችላል። አዚትሮማይሲንን የተላመደ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲንንም ይቋቋማል። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገዛ መድኃኒት የሚያስከትለው ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል፤ ዛሬ ለሌላ ሕመም የተዋጠው ነገ የጨጓራውን ሕክምና ያከሽፋል።

ስለዚህ ተገልጋዮች የሚከተሉትን ሊያከናውኑ ይገባል፦

• ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ከዚህ ቀደም የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ወይም ማዘዣ ይዞ መቅረብ፤
• የታዘዘውን መድኃኒት ሕመሙ ቢቀልም እስከ መጨረሻው ቀን መውሰድ፣ ለሌላ ሰው አለማካፈል፤
• ፀረ-ባክቴሪያው ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱን በሰገራ አንቲጂን ምርመራ ማረጋገጥ። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ አሲድ ቀናሾች ከምርመራው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በሐኪም ምክር ይቋረጣሉ። የደም ምርመራ ከዳኑ በኋላም ለወራት «አለ» ሊል ስለሚችል ለዚህ ዓላማ አያገለግልም።

ደም የሚያስታውክ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ያለምክንያት የከሳ ወይም ምግብ ለመዋጥ የተቸገረ ሰው ግን ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

የላቦራቶሪ አገልግሎት እስኪቀርብ ድረስ፣ ታካሚው ለሐኪሙ የሚሰጠው ትክክለኛ መረጃና በአግባቡ የተጠናቀቀ መድኃኒት ያሉት ጥቂት መድኃኒቶች ፈዋሽነታቸውን እንዳያጡ ያደርጋሉ።