የቀጭኑ ሰው ደም ብዛት

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በአንድ ቤት ካገኘነው ጨዋታ የተነሣ ነው። ባለፈው ወር ዘመድ ልንጠይቅ ወደ ቱላ ወጥተን ነበር። ቱላ የሐዋሳ ከተማ ክፍል ትሁን እንጂ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ የእንሰት ጓሮና የበቆሎ ማሳ ይቀበሎታል። የቤቱ አባወራ አርባን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲያነሣና ሲጥል የሚውል ነጋዴ ነው። ሲጋራ አያጨስም፤ ጫትም አይቅምም። ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱ ሲለካ 170 በ110 ሆኖ ተገኘና መድኃኒት ታዘዘለት። እርሱ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ። «ደም ብዛት የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው፤ እኔ ምን ስብ አለኝና!» ይላል።

እንዲህ የሚል ሰው በየቤታችን አይጠፋም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ሁሉ ሰው ወፍራምና ሀብታም እንዳልሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ገበያ መውጣት ይበቃል። ታዲያ የቀጭኑ ሰው ደም ብዛት ከየት መጣ?

ፍንጩን የሰጡን ቡና እያፈሉ ያዳምጡ የነበሩት እናቱ ናቸው። «ይህን ልጅ ያረገዝኩት በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ያኔ ቆቦ ነበርን። ሲወለድ በአንድ እጅ የሚያዝ ነበር፤ ያድጋል ያለ ሰውም አልነበረም» አሉን። ቤተሰቡ ወደ ሐዋሳ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐኪሞች ሰው ሲወለድ የነበረው ክብደትና ካደገ በኋላ የሚይዘው በሽታ ይገናኛሉ ብለው በብዙው መጠየቅ የጀመሩት ከ40 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ዴቪድ ባርከር የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ሄርትፎርድሺር በተባለ አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የተጻፉ የአዋላጆችና የጤና ጎብኚዎች መዝገቦችን አገኙ። በመዝገቦቹ ላይ እያንዳንዱ ሕፃን ሲወለድ የነበረው ክብደት፣ ዓመት ሲሞላው የነበረው ክብደት፣ ጡት ይጥባ አይጥባ ሳይቀር ሰፍሯል። ባርከርና ባልደረቦቻቸው የእነዚያን ሕፃናት ዕጣ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳተሙት፣ በአንድ ዓመታቸው ክብደታቸው ዝቅተኛ የነበረ ወንዶች ካደጉ በኋላ በልብ በሽታ የመሞታቸው መጠን ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር። ቀጥለው የወጡ ጥናቶችም ትንሽ ሆነው የተወለዱ ሰዎች በጉልምስናቸው የደም ግፊታቸው ከፍ እንደሚል አመለከቱ። (እኛ አገር የሕፃኑ የክብደትና የክትባት ካርድ ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው የት እንደሚጣል እናውቃለን። እባካችሁ አስቀምጡት።)

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ኩላሊትን ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ እጅግ ደቃቅ ማጣሪያዎች አሉት፤ ሐኪሞች ኔፍሮን ይሏቸዋል። ደምን የሚያጠሩት፣ ትርፍ ጨውንና ውሃን ወደ ሽንት የሚያስወጡት እነርሱ ናቸው። ማጣሪያዎቹ የሚሠሩት ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ሲሆን ሥራው በ36ኛው ሳምንት ገደማ ያበቃል። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ከዚያ ወዲያ አንድም አዲስ ማጣሪያ አይጨምርም። እናት በቂ ምግብ ካላገኘች ወይም በበሽታ ከተዳከመች የፅንሱ አካል ያገኘውን ለአንጎል ያስቀድማል፤ ኩላሊት ከሚቀርባቸው አንዱ ነው። በዚህም ምክንያት አንዱ ሰው ከሌላው ብዙ እጥፍ ያነሱ ማጣሪያዎች ይዞ ሊወለድ ይችላል።

በልጅነት ይህ አይታወቅም። ዓመታት ሲያልፉ ግን ጥቂቶቹ ማጣሪያዎች የብዙዎቹን ሥራ ስለሚሠሩ ይደክማሉ፤ ጨውን ለማስወጣትም ደሙ በበለጠ ኃይል መገፋት ይኖርበታል። የደከሙት ሲጠፉ በቀሩት ላይ ያለው ጫና ይብሳል። በጀርመን አገር በአደጋ ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎችን ኩላሊት የመረመሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳተሙት፣ ደም ብዛት የነበረባቸው 10 ሰዎች በአንድ ኩላሊት 700 ሺህ ገደማ ማጣሪያ ሲኖራቸው፣ ያልነበረባቸው 10 ሰዎች ግን 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ገደማ ነበራቸው። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ልዩነቱ እጥፍ ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። በናይጄሪያ በቢያፍራ ጦርነት ረሃብ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970) የተፀነሱና የተወለዱ ሰዎች ከ40 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ደም ብዛት ከሌሎቹ በርክቶባቸው ተገኝቷል። በአገራችንም ተመራማሪዎች በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ በ1977ቱ ረሃብ በማኅፀን የነበሩ ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱን አውጥተዋል። የወገብ ስፋት፣ የደም ስኳር፣ ስብና ግፊት ተደራርበው የሚታዩበት ችግር በእነዚህ ሰዎች ላይ በዝቶ ነበር። የቱላው ወንድማችን እናት የጠቀሱት ያንኑ ቆቦን ነው።

ረሃብ ባይኖርም ጉዳዩ አለ። በሲዳማ ገጠር ነፍሰ ጡር እናቶችን ያጠኑ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳተሙት፣ በእንሰትና በበቆሎ ላይ የተመሠረተው ምግባቸው በቂ ዚንክ አልነበረውም። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። በብዙ ቤት እንቁላሉ ገበያ ይሄዳል፣ ሥጋው ለእንግዳና ለአባወራ ይቀርባል፣ ነፍሰ ጡሯ ከሁሉ ኋላ የተረፈውን ትቀምሳለች። ይህ ልማድ እንጂ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ባሎችም ልናፍርበት ይገባል።

ነፍሰ ጡር ሴት ለራሷ ወይም ለፅንሷ ከሰጋች በረመዷን እንድታፈጥር ሸሪዓው ፈቅዶላታል። ሆኖም ጎረቤት ምን ይለኛል በማለት ራሷን እያዞራት የምትጾም እህት አለች። የቀዷውን ዝርዝር ዑለሞችን ጠይቁ፤ የሰውነቷን ሁኔታ ደግሞ ሐኪም ይንገራት። ጡት ማጥባትም እንዲሁ ነው። ቁርኣን ሙሉ ሁለት ዓመት ብሎ ወስኖታል። በእንግሊዝ አገር ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና የእናት ጡት ወተት የተሰጣቸው ሕፃናት ከ13 እስከ 16 ዓመታቸው ሲለኩ፣ የቆርቆሮ ወተት ከተሰጣቸው ይልቅ ግፊታቸው ዝቅ ያለ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። ከሲታ ሆኖ የተወለደን ልጅ ቶሎ ይወፍር ብሎ በብስኩትና በለስላሳ ማጨቅም ጉዳት አለው፤ በትንሽ ኩላሊት ላይ ትልቅ ሰውነት መጫን ነውና።

አንድ ነገር ግን እንዳይጋነን። አንዳንድ ተመራማሪዎች የውልደት ክብደት በግፊት ላይ ያለው ተጽዕኖ በትልልቅ ጥናቶች ሲታይ አነስተኛ ነው ይላሉ። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ሁሉ ደም ብዛት አይዘውም፤ ደልቶት የተወለደም ሊይዘው ይችላል። ጨው፣ ውፍረት፣ የዘር ሐረግ፣ ዕድሜ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በተለይ ጨው! የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ሲመክር የእኛ ሰው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንደሚጠቀም ያው የ2015ቱ ጥናት ገምቷል። ማጣሪያው ጥቂት ለሆነ ሰው ይህ ከባድ ሸክም ነው። የዚያ ቤት ቡና ራሱ በጨው ነበር የቀረበልን።

ይህን ሁሉ ስናወራ እናቱ ጀበናውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያም «ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነዋ?» አሉን። የጠበቅነው ጥያቄ አልነበረም። በዚያ ዓመት ያገኙትን ቁራሽ ለማን እንዳካፈሉ የሚያውቀው አላህ ነው። «አብሽሩ እናታችን፤ ልጁን ለአርባ ዓመት ያበቁት እርስዎ ነዎት» ከማለት በቀር ቃል አጣን። ልጅየው አንገቱን ደፍቶ ቆየና ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው ወይ ብሎም ጠየቀን። ብዙውን ጊዜ እንደዚያ መሆኑን፣ ስለተሻለው ብቻ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ እንደሌለበት፣ ግፊቱንም በየጊዜው መለካት እንዳለበት ነገርነው።

ባለቤቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ልንወጣ ስንል አማቷ ለሰኞ ገበያ ከተቀመጡት እንቁላሎች ሦስቱን አንሥተው ወደ ጓዳ ሲገቡ አየን።