ልጄ የመረጃ መሐንዲስ ይኹን ለሚል አባት

ባለፈው ሰሞን አንድ የአዳማ ወዳጄ ልጁ የመረጃ መሐንዲስ፣ በፈረንጆች አጠራር ዳታ ኢንጂነር፣ ለመኾን እንደ ፈለገ ነግሮኝ፣ «ለዚህ ሥራ ምን ዕውቀት ያስፈልገዋል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ዕድሜዬን በችሎት መዝገብ ላይ ያሳለፍሁ ጸሓፊ ስለ ኾንሁ፣ ነገሩን ከሥራዬ የራቀ ኾኖ አላገኘሁትም።

አዳማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ እንደምትጠጣ፣ የመረጃ መሐንዲስም ከባንክ፣ ከሆስፒታል፣ ከግብር መሥሪያ ቤት የሚፈሰውን መዝገብ አጥርቶና አስማምቶ ለሚመረምሩት ሰዎች የሚያደርስበትን መንገድ ያበጃል። ስለዚህ አስቀድሞ መዝገብ የሚጠየቅበትን ኤስኪውኤል የሚባለውን ቋንቋ ጠንቅቆ ይማር። የዚህ ሥርዐት መሠረት ኤድጋር ኮድ የተባለው እንግሊዛዊ በአይ ቢ ኤም ሳለ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1970 ያወጣው ሐሳብ ሲኾን፣ እስከ ዛሬ አላረጀም። ቀጥሎ ፓይተንን ይወቅ። የቀረው መሣሪያ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ አልዘረዝረውም።

በአገራችን ግን ከዚህ የሚበልጥ ዕውቀት ያስፈልጋል። ይኸው የወዳጄ ከተማ በአንዱ መዝገብ ናዝሬት፣ በሌላው አዳማ ተብሎ ይገኛል፤ ደብረ ዘይትም ቢሾፍቱ፣ ዝዋይም ባቱ ነው። ይህን ያላወቀ መሐንዲስ አንዱን ከተማ ኹለት ያደርገዋል። እንደዚሁም አንዲት ሴት ስሟን አንድ ጊዜ በጸሎቱ ጸ፣ አንድ ጊዜ በፀሐዩ ፀ ብትጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ ኹለት ሰዎች ናቸው ይላል። በየኔታ ፊት ሞክሼ ፊደላትን የለየ ልጅ እዚህ ላይ ይጠቀማል፤ ይህን ስጽፍ ጥቂት ደስ ብሎኛል።

ከኹሉ የሚከፋው የዘመን ቈጠራ ነው። በ1960 ዓ.ም. የተወለደ ሠራተኛ ዓመቱ እንደ አውሮጳ ተቈጥሮ ቢመዘገብ፣ የ60 ዓመቱ ጡረታ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድሞ ይደርስበታል። ይህን የመሰለ ስሕተት ለማቃናት ምስክር አስከትሎ የሚመላለስ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ እንጀራው በአንድ ቍጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጳጉሜን የተጻፈበት ቀንማ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በደጁ ነው። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወዲያው መሐንዲስ የሚኾን ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ አስቀድመው ፕሮግራም ጸሓፊ ወይም የመዝገብ ቋት ጠባቂ ኾነው ይሠራሉ። የሰው ምስጢር በእጁ የሚያልፍ ስለ ኾነም፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ያንብብ።

ለወዳጄ አንድ ጥያቄ ጽፌ ሰጠሁት፤ «የሌሊቱ ሥራ እኵሌታው ላይ ቢቋረጥና እንደ ገና ቢጀመር፣ የተከፈለው ገንዘብ ኹለት ጊዜ እንዳይጻፍ ምን ታደርጋለህ ብለህ ልጅህን ጠይቀው። መልስ ቢያጣ አንድ ዓመት ከዐዋቂ ሥር ይቀመጥ» አልሁት።

ልጁም፣ «ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱን ቍጥር እሰጠዋለሁ፤ ያው ቍጥር ዳግመኛ ቢመጣ አይጻፍም» ብሎ እንደ መለሰለት ወዳጄ ትናንት ጽፎልኛል።