የጎደለው ጊዜ ነውን?

ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን በምንኖር ተማሪዎች ዘንድ ቀኑን በሻይና በፓስቲ መግፋት ተለምዷል፤ ምክንያቱም «ጊዜ የለም» የሚል ነው። እስቲ ነገሩን በሰዓት እንለካው። ቀናት የሚፈጀው የእንጀራው ሊጥ ነው፤ እርሱንም ጋግረው የሚሸጡ አሉልን። ሽሮ ግን ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ 30 ደቂቃ አይፈጅም፤ ምስር ክክም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ገንቢ ምግብም ከፓስቲ ይልቅ በእነዚህ ይገኛል። ለካርታ ጨዋታ ከዚህ የረዘመ ሰዓት ሲገኝ እናያለን።

እውነቱን እንናገር፤ ከወንድሞቻችን ብዙዎቹ የጎደላቸው ሰዓት ሳይሆን ማማሰያ ለመያዝ ድፍረት ነው። እኅቶቻችን ያንኑ ፈተና እየተፈተኑ ወጡንም ይሠራሉ። አራት ሆነን በአንድ ቤት የምንኖር በተራ ብናበስል፣ ለእያንዳንዳችን በአራት ቀን አንድ ማታ ብቻ ይደርሰናል። ሽንኩርት መክተፍ የማይችል ድንች ይላጥ።