«ሲተርፈኝ እሰጣለሁ» አትበሉ

«መስጠትማ ሲተርፍ ነው» እንላለን አይደል? እኔ አልስማማም።

በ2008 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በወጣ የካናዳ ጥናት፣ ለ46 ሰዎች 5 ወይም 20 ዶላር ተሰጣቸው። ገሚሱ ለራሱ፣ ገሚሱ ለሌላ ሰው እንዲያወጣው ተነገረው። ማታ ሲጠየቁ ይበልጥ ደስተኛ የነበሩት ለሌላ ያወጡት ናቸው። የገንዘቡ መጠን ለውጥ አላመጣም!

እኔም ዋርድ ውስጥ ይህንኑ አያለሁ። ለልጇ ምሳ ይዛ የመጣች እናት፣ ጠያቂ የሌለውን የጎን አልጋ ታካሚም ታጎርሰዋለች። የራሷ ጭንቀት እያለባት፣ ለዚያች ደቂቃ ፊቷ ፈታ ይላል።

ስለዚህ እስኪተርፋችሁ አትጠብቁ። ዛሬ አንድ ሰው ጠይቁ፤ ያላችሁን አካፍሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ድብርት ካለባችሁ ግን ሐኪም አማክሩ።