ቆሞ የሚያረጅ ሞተር

አሮጌ ሴስና 172 ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው ቀድሞ የሚጠይቀው፣ ሞተሩ ወርዶ ከታደሰ ወዲህ ስንት ሰዓት እንደበረረ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ደስ ይለዋል። እኔ ግን በሃያ ዓመት 300 ሰዓት ብቻ የበረረ ሞተር ያሰጋኛል። በዓመት 15 ሰዓት መሆኑ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ያሳለፈው ቆሞ ነው፤ ሞተር ደግሞ ቆሞም ያልቃል።

ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ ከአንድ ሊትር ቤንዚን በግምት አንድ ሊትር። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻዎች ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ከቃጠሎው ቅሪት ጋር ተገናኝቶም አሲድ ይሆናል። ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሶ በበረራ ላይ ሲቆይ እርጥበቱ ተንኖ ይወጣል። በየሳምንቱ አስነስተው አሥር ደቂቃ መሬት ላይ የሚያሠሩት ባለቤቶች ለሞተሩ ያዘኑለት ይመስላቸዋል፤ የሚያደርጉት ግን ውሃ ጨምሮ፣ ውሃውን የሚያወጣውን ሙቀት መንፈግ ነው።

በላይካሚንግ ሞተሮች ጉዳቱ ይብሳል። ካምሻፍቱ ከክራንክሻፍቱ በላይ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርድና ካምሻፍቱን ያለ ሽፋን ይተወዋል። ዝገቱ በጠነከረው የብረት ገጽ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይቆፍራል። ሞተሩ እንደገና ሲሠራ ቫልቩን የሚገፋው አካል በዚያ ሻካራ ገጽ ላይ እየተፋተገ ይበላዋል፤ የብረት ብናኝም በፊልትሮው ውስጥ መታየት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1977 በ172 ላይ መገጠም የጀመረው ኦ-320-ኤች2ኤዲ በዚህ ጉዳት ስሙ ጠፍቷል። በኮንቲኔንታል ሞተሮች ካምሻፍቱ ከታች በመሆኑ በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ የሲሊንደር ግድግዳ ግን በሁለቱም ይዝጋል።

ላይካሚንግ ለአብዛኞቹ ኦ-320 ሞተሮች 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው እንዲታደሱ ይመክራል። አሜሪካ ውስጥ ለግሉ የሚበር ባለቤት በዚህ ገደብ አይገደድም። ታዲያ 12 ዓመት ስለሞላ ብቻ ሞተሩን ያውርደው? አይመስለኝም። የዩናይትድ አየር መንገድ መሐንዲሶች ኖውላንና ሂፕ በ1978 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው የአውሮፕላን ክፍሎች አብዛኞቹ በዕድሜ ብዛት የመበላሸት ዕድላቸው አይጨምርም። ጥናቱ የተሠራው በትላልቅ አውሮፕላኖች ላይ ቢሆንም፣ አዲስ የተገጣጠመ ነገር በመጀመሪያ ሰዓቶቹ ለብልሽት መጋለጡን እንደገና የሚገጣጥም ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

ስለዚህ ማስረጃ ይቀድማል፦ በካንዴላው ቀዳዳ ሲሊንደሩን በካሜራ ማየት፣ ግፊቱን መለካት፣ ፊልትሮውን ቀዶ ብናኝ መፈለግ፣ ዘይቱን በላቦራቶሪ ማስመርመር። በላይካሚንግ ግን ካምሻፍቱን በደንብ ለማየት አብዛኛውን ጊዜ ሲሊንደር መፍታት ያስፈልጋል፤ በሚገባ ሳይጠብቅ የተመለሰ ሲሊንደር ደግሞ ራሱ የአደጋ ምንጭ ነው። ባለቤቱን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነው፤ በጣም የሚፈራው ክፍል ያለ ሥጋት የማይታየው ነው።

ችግሩ ከአንድ ሃንጋር ይሰፋል። ሴስና በ1986 የ172ን ምርት አቋርጦ የተመለሰበት በ1996 ነው፤ በመካከሉ በ1994 ከ18 ዓመት በላይ ስለሆናቸው አነስተኛ አውሮፕላኖች አምራቾችን ከክስ የሚጠብቅ ሕግ ወጥቷል። ዛሬ በግል እጅ ያሉት አብዛኞቹ ከዚያ ዕረፍት በፊት የተሠሩ ናቸው። ኢንሹራንስና ነዳጅ ሲወደድ ባለቤቱ መብረር ይቀንሳል፤ በረራው ሲቀንስ ሞተሩ ይዝጋል፤ የእድሳቱ ዋጋ ወደ አውሮፕላኑ ዋጋ ሲጠጋ ደግሞ አውሮፕላኑ እስከ ወዲያኛው ይቆማል። ያው 172 በበረራ ትምህርት ቤት፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛም እንደሚታየው፣ አዘውትሮ ስለሚበር ለዝገት ጊዜ አይሰጥም።

ለዚህ ነው ለእድሳቱ ከመክፈል በፊት ማን እንደሚያበረው መወሰን ያለበት። አውሮፕላኑን ለሦስትና ለአራት በባለቤትነት መጋራት፣ ካልሆነም ለበረራ ክለብ ማከራየት፣ ገንዘቡን ከማካፈል በላይ ሞተሩን እንዲሞቅ ያደርገዋል። ያንን የማይፈልግ ደግሞ በመከላከያ ዘይት ሞልቶ፣ በካንዴላዎቹ ቦታ እርጥበት የሚስቡ ማድረቂያዎችን ገጥሞና ክፍት ቦታዎቹን ሁሉ አሽጎ ያስቀምጠው፤ ማድረቂያዎቹ ቀለማቸውን ሲለውጡም ይተካቸው።