ቃል የሌለው ሁላ

ለባህል ጉዞ ሃዋይ የሄዱ ተማሪዎች አውቶቡሳቸው ከሚቆምባቸው ቦታዎች አንዱ የሁላ መማሪያ ነው። ልጆቹ እንደ ወረዱ የፕላስቲክ አበባ ጉንጉን አንገታቸው ላይ ይጠልቃል፤ ወገባቸው ላይ የሣር ጉርድ ይታሰራል። አራት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አራት ወደ ግራ። እጅ ሲወዛወዝ ማዕበል ነው፤ ክንድ ሲዘረጋ ዘንባባ። ሰዓት ሳይሞላ ፎቶ ይነሡና ይመለሳሉ። ሪፖርቱ ላይ «ተማሪዎቹ ባህላዊውን ሁላ ተማሩ» ተብሎ ይጻፋል።

አልተማሩም።

ሁላ ከሁሉ በፊት ቃል ነው። የሚቀድመው በሃዋይኛ «ሜሌ» የሚባለው ግጥም ሲሆን፣ እጅና እግር ይከተሉታል። ግጥሙም «ካኦና» የሚሉት ስውር ፍቺ አለው፤ ስለ ዝናብ ያወራ መስሎ ስለ ፍቅር ሊናገር ይችላል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ቃሉን ሳያውቁ እጅ ማወዛወዝ፣ ቅኔውን ሳይሰሙ የዘራፊውን እጅ ብቻ እንደ መቅዳት ነው። ያ የሣር ጉርድም ቢሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊልበርት ደሴቶች የመጣ ነው፤ የጥንቶቹ የሃዋይ ሰዎች የሚለብሱት ከተቀጠቀጠ የዛፍ ልጥ የሚሠራውን «ካፓ» ነበር።

«ልጆች ናቸው፤ ትንሽ ቢቀምሱ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። የቀመሱት ነገር ግን ቃሉ የወጣለት ነው፤ ቃሉ ደግሞ በራሱ ጊዜ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1830 ንግሥት ካአሁማኑ፣ ክርስትናን ከተቀበለች በኋላ፣ ሁላ በአደባባይ እንዳይታይ ከለከለች። ንጉሥ ካላካዋ በ1883 ዘውድ ሲደፋ መልሶ አደባባይ አወጣው። አሥር ዓመት ሳይሞላ የሃዋይ ዘውዳዊ አገዛዝ ተገለበጠ፤ በ1896 የወጣው ሕግም እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ አድርጎ ሃዋይኛን ከክፍል አስወጣ። ቃሉን የሚረዳ ትውልድ ሲመናመን ለጎብኚ ዓይን የሚሆነው እንቅስቃሴ ገበያ አገኘ። ከ1937 ጀምሮ ዋይኪኪ ላይ ከ60 ዓመት በላይ የታየው የኮዳክ ሁላ ትርኢት ስሙን የወሰደው ከፊልም አምራቹ ኩባንያ ነው፤ በቀን ብርሃን የሚቀርበውም ጎብኚው ፎቶ እንዲያነሣ ነበር። የዛሬው የተማሪዎች ጉብኝት የዚያ ትርኢት ልጅ ነው።

ጥፋቱን እዚያ ቆመው በሚያስተምሩት ሃዋያውያን ላይ መጫን ግፍ ነው፤ እንጀራቸው ነው። ተጠያቂው አንድ ሰዓት መድቦ «ባህል» ብሎ የሚመዘግበው የጉዞ አዘጋጅ ነው።

«ሃላው» በሚባሉት በብዙዎቹ የሁላ ትምህርት ቤቶች ደቀ መዝሙሩ ዘው ብሎ አይገባም። በሩ ላይ ቆሞ በዜማ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከውስጥ በዜማ እስኪመለስለት ይጠብቃል። መምህሩ ሁለት ቅል ተጋጥሞ የተሠራውን «ኢፑ ሄኬ» እየመታ ግጥሙን ያወርዳል። ለጎብኚዎቹ ልጆች የተመደበችው አንድ ሰዓትም ለዚህ ትዋል፤ የበሩን ዜማ ጥቂት ስንኞች ከነትርጉማቸው ይያዙ፣ በሩ ላይ ቆመው ያዚሙ፣ መልሱን ይጠብቁ። ወገባቸውን አንዴም ሳያወዛውዙ ወደ አውቶቡሱ ቢመለሱ ምንም አይቀርባቸውም።